ፊርማው ዕቅድ ላይ፣ ትምህርቱ ደብተር ላይ፦ ለርዕሰ መምህራን የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኜ በተመደብኩበት ዓመት፣ ሰኞ ጠዋት ሥራዬ ፊርማ ነበር። መምህራን ሳምንታዊ ዕቅዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ቀኑን አያለሁ፣ ምዕራፉን አያለሁ፣ እፈርማለሁ። አርባ ምናምን ዕቅድ በአንድ ሰዓት። ጎበዝ ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

ግንቦት ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቢሮ መጣች። ከ«መ» ክፍል ወደ «ሀ» ልዛወር አለች። ለምን ስላት፣ «እነሱ ሒሳብ ምዕራፍ 6 ደርሰዋል፣ እኛ ገና 4 ላይ ነን» አለችኝ። ደብተሯን ተቀበልኩ። ከ«ሀ» ክፍልም አንድ ደብተር አስመጣሁ። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ልጅቷ አልዋሸችም። ከዚያ የዕቅድ ፋይሉን አወጣሁ። በፋይሉ ሁለቱም ክፍሎች ምዕራፍ 6 ላይ ናቸው። ፊርማዬም ከሥር ቁጭ ብሏል።

መምህሩን አስጠራኋቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል። «መምህር፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ዳይሬክተር፣ አንተው አይደለህ እንዴ የፈረምክልኝ?»

መልስ አጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ የያዝኩትን አሠራር ነው እዚህ የምጽፈው። ለርዕሰ መምህራን፣ ለምክትሎች፣ ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና ለሱፐርቫይዘሮች ይሆናል።

ዳይሬክተር ውጤት ላይ በየት በኩል ይደርሳል?

ሥርዓተ ትምህርቱን የሚጽፈው ዳይሬክተር አይደለም። ከላይ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ነገር ግን አንድ ሥርዓተ ትምህርት ትምህርት ቤት ግቢ ከገባ በኋላ ሦስት ይሆናል። አንዱ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ነው። ሁለተኛው መምህሩ በተግባር ያስተማረው ነው። ሦስተኛው ተማሪው ጭንቅላት ውስጥ የቀረው ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለውን ክፍተት ከዳይሬክተር የተሻለ ሊዘጋ የሚችል ሰው የለም። መምህሩ የራሱን ክፍል ብቻ ነው የሚያየው። ወላጅ ካርዱን ብቻ ነው የሚያየው። ሁሉንም ክፍሎች ጎን ለጎን ማየት የሚችለው ዳይሬክተሩ ነው።

የኒውዚላንዷ ተመራማሪ ቪቪያን ሮቢንሰንና ባልደረቦቿ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የተለያዩ የአመራር ሥራዎች ከተማሪ ውጤት ጋር ያላቸውን ግንኙነት መዝነው ነበር። ማስተማርንና ሥርዓተ ትምህርትን ማቀድ፣ ማስተባበርና መገምገም 0.42 የተጽዕኖ መጠን አሳየ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ግንኙነቱ ይጠነክራል ማለት ነው። ሥርዓት ያለው ግቢ መፍጠር 0.27 ላይ ቀረ። ከሁሉ የበለጠው ግን ዳይሬክተሩ ራሱ ከመምህራን ጋር ተቀምጦ በሙያ መሻሻል ላይ መሳተፉ ነው፤ 0.84። ይህን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ። እኔ ጊዜዬን የማጠፋው በር ላይ ዩኒፎርም በመቆጣጠር ነበርና።

የአገራችንም ቁጥር ቅርብ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ሁሉም የዳይሬክተር ጥፋት ነው ማለት አይደለም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ፣ ከ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና እስከ 12ኛ ድረስ ተማሪውን ከውጭ ሆኖ የሚፈትን የለም። አራት ዓመት ሙሉ ክፍተቱ ተሸፍኖ ሊሄድ ይችላል። በእነዚያ ዓመታት የውስጡን የሚያይ ዓይን ከሌለ፣ ሁሉም ሰው የሚደነግጠው የመጨረሻው ቀን ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ነሐሴ ላይ ክፍለ ጊዜ ቁጠሩ

ተማሪ ሳይመጣ ምክትላችሁንና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቱ ውስጥ በእውነት ስንት ክፍለ ጊዜ እንዳለ ቁጠሩ። በወረቀት ያለውን አይደለም የምላችሁ።

ምሳሌ ልስጥ። ሒሳብ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ አለው እንበል። የትምህርት ሳምንቱ 36 ቢሆን 180 ይመጣል። አሁን ቀንሱ። መስከረም ላይ ምዝገባው ሳይጠናቀቅ፣ ፕሮግራሙ ሳይወጣ 2 ሳምንት ይሄዳል፤ 10 ክፍለ ጊዜ። አጋማሽና ማጠቃለያ ፈተናዎች በሁለቱ መንፈቅ 4 ሳምንት ይወስዳሉ፤ 20። በዓልና ስብሰባ ሌላ 12። የቀረው 138 ነው። 42 ክፍለ ጊዜ ጠፋ፤ ከስምንት ሳምንት በላይ ማለት ነው። መምህሩ ግን ዓመታዊ ዕቅዱን ያወጣው በ180 ነው። መጨረሻ ላይ «አልደረስንም» የሚለው ታዲያ ሰነፍ ስለሆነ ነው? አይደለም። ሒሳቡ ከመጀመሪያውም አልሠራም።

ሐዋሳ ላይ ስትቆጥሩ የከተማችንን ጠባይ አትርሱ። ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው። ከተማው በእንግዳ ይጥለቀለቃል፣ በዚያ ሰሞን ክፍል ሳስቶ ነው የሚውለው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነውን የፍቼ ጨምበላላን ቀን ደግሞ የሲዳማ አዋቂ ሽማግሌዎች ከዋክብት ተመልክተው ነው የሚቆርጡት፤ ስለዚህ ከወዲሁ ቦታ ያዙለት። መስቀል፣ ጥምቀት፣ ዓድዋ፣ ፋሲካ፣ ኢዶቹ የታወቁ ናቸው። ለድንገተኛ ነገርም አንድ ሳምንት አስቀምጡ። ድንገተኛ ነገር የሌለበት ዓመት እኔ አይቼ አላውቅም።

ደረጃ 2፦ የመጨረሻ ምዕራፎችን አድኑ

ይህ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ነው። በየዓመቱ የማይደረስባቸው ምዕራፎች ሁሌም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያሉት። ሒሳብ ላይ ብዙ ጊዜ ጂኦሜትሪው ነው የሚቀረው። ተማሪው በ9ኛ መጨረሻውን ሳይማር 10ኛ ይገባል። በ10ኛም መጨረሻው ይቀራል። 12ኛ ሲደርስ ቀዳዳው አንድ ቦታ ተደራርቦ ትልቅ ጉድጓድ ሆኗል። ከዚያ ፈተናው ላይ ይመጣል። ተማሪውም «ያልተማርነው ወጣ» ይላል። እውነቱን ነው።

መፍትሔው ምዕራፍ መዝለል አይደለም፤ ያንን የማድረግ ሥልጣንም የለንም። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ምዕራፍ የሚገባውን ጊዜ መመደብ ነው። የትምህርት ክፍሉ አንድ ከሰዓት ተቀምጦ እያንዳንዱን ርዕስ በሁለት ጥያቄ ይፈትን። ይህ ለሚቀጥለው ክፍል መሠረት ነው ወይ? ተማሪው ባለፈው ዓመት ነክቶታል ወይ? መሠረት የሆነው ሰፊ ጊዜ ያግኝ። ባለፈው ዓመት የተነካው በክለሳ ይታለፍ። አንድ ፊዚክስ መምህር የመጀመሪያውን ምዕራፍ እስከ ኅዳር ሲያስተምር አይቻለሁ። ጥሩ አድርጎ ነው የሚያስተምረው፤ የሚወደው ምዕራፍ ነበር። ችግሩም እሱ ነው።

ውጤቱ አንድ ገጽ ወረቀት ይሁን። «እስከ ጥቅምት 30 ምዕራፍ 2 ያልቃል» የሚል ዓይነት። የአንድ ክፍል ደረጃ መምህራን ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ወረቀት። ቢሮአችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ደረጃ 3፦ ማን የት ያስተምር?

ባህሉን ታውቁታላችሁ። ጎበዝ መምህር 12ኛ ይሰጠዋል። አዲስ የመጣው 9ኛ ይወረወራል። እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር። አሁን ግን ተቃራኒውን እመክራለሁ፤ ቢያንስ አንድ ጠንካራ መምህር በየትምህርቱ 9ኛ ላይ ይኑር። 9ኛ ክፍል ትምህርቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ የሚሆንበት፣ ልጆች ከተለያየ ትምህርት ቤት የሚመጡበት ነው። ሐዋሳ ላይ አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በሲዳምኛ ተምሮ ይመጣል። እዚያ የተደናቀፈ ልጅ 12ኛ ላይ በጎበዝ መምህር አይድንም።

ፕሮግራም ስታወጡም እዩት። አንድ ክፍል ሒሳቡ ሁሉ በመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ላይ ከወደቀ፣ ያ ክፍል ተበድሏል። በተለይ አርብ ከሰዓት።

ደረጃ 4፦ በየሳምንቱ አምስት ደብተር

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ይህን አትተዉ።

ማክሰኞ ወይም ረቡዕ አንድ የክፍል ደረጃና አንድ ትምህርት ምረጡ። ለምሳሌ 9ኛ፣ ኬሚስትሪ። ከእያንዳንዱ ክፍል አምስት ደብተር አስመጡ፤ ሁለት ከጎበዞቹ፣ ሁለት ከመካከለኞቹ፣ አንድ ከሚቸገሩት። የክፍል አለቃዋን ብትልኩ የጎበዞቹን ብቻ ነው የምታመጣው፤ ስለዚህ ስም ራሳችሁ ጥሩ። ከዚያ አራት ነገር ጻፉ፦

- መጨረሻ የተጻፈው ርዕስ ምንድን ነው? ቀኑስ?
- ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ጥያቄ ተሠርቷል?
- የመምህሩ ቀይ ወይም አረንጓዴ እስክሪብቶ የነካው ገጽ አለ?
- የሚቸገረው ልጅ ደብተር ላይ ያለው ከጎበዙ ጋር ይቀራረባል ወይስ ግማሹ ባዶ ነው?

አራቱን ክፍሎች በአንድ ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡ። ግድግዳው ላይ ካለው ወረቀት ጋር አስተያዩ። ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። በዚህ ሃያ ደቂቃ የምታገኙትን በሃምሳ የተፈረመ ዕቅድ አታገኙም።

ምን ታገኛላችሁ? አንዳንዱ ክፍል ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ቀርቷል። አንዳንዱ ደግሞ ከሁሉም ቀድሟል፤ ግን ደብተሩ ላይ ኖት እንጂ አንድም የተሠራ ጥያቄ የለም። ይኼኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። መምህሩ «ሸፍኛለሁ» ይላል፣ ልክ ነው፣ ሸፍኗል። መሸፈን ማለት እንደ ብርድ ልብስ ማልበስ ከሆነ።

አሁን ጥንቃቄ። ይህን ነገር መምህር ለማጥመድ ከተጠቀማችሁበት በሁለተኛው ሳምንት ይሞታል። ደብተሩን ተማሪ ፊት አትክፈቱ። በስብሰባ ላይ «የእገሌ ክፍል ወደ ኋላ ቀርቷል» አትበሉ። መምህሩን ለብቻው፣ ሻይ ይዛችሁ፣ «ምን ያዘዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። እኚያን የሒሳብ መምህር በሁለተኛው ዓመት እንዲህ ስጠይቃቸው የነገሩኝን አልረሳም። ተማሪዎቹ ክፍልፋይ መደመር አይችሉም ነበር። እሳቸው ምዕራፉን አቁመው የ5ኛ ክፍል ሒሳብ ሲያስተምሩ ነው ወር ያለፈው። ስንፍና መስሎኝ የነበረው ከሁሉም መምህራን የበለጠ ሕሊና ነበር። ግን ብቻቸውን ነበሩ። ለማንም አልተናገሩም፤ ዕቅዱ ላይ ግን ምዕራፍ 6 ይጽፉ ነበር። ዕቅዱ የሚጠበቅባቸውን እንጂ የሆነውን አይጠይቃቸውማ።

ስለዚህ ፎርሙ ላይ አንድ መስመር ጨመርን። «ባለፈው ሳምንት ያቀድኩት ያልደረሰው ____፣ ምክንያቱ ____»። እዚያ ላይ እውነቱን የጻፈ መምህር እንዳይወቀስ ቃል ገባሁ። ቃሌን ለመጠበቅ አንዳንዴ ጥርሴን መንከስ ነበረብኝ።

ደረጃ 5፦ ክፍል ግቡ፤ ግን ቁጭ በሉ

ኮሪደር ለኮሪደር መዘዋወር ክትትል ይመስላል። በአሜሪካ ማያሚ ዴድ አካባቢ የተሠራና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዳይሬክተሮችን ሙሉ ቀን እየተከተለ ጊዜያቸውን መዘገበ። ለአፍታ ብቅ ብሎ ማለፍ ከተማሪ ውጤት መሻሻል ጋር በበጎ አልተያያዘም። በተለይ ሁለተኛ ደረጃ ላይ እንዲያውም ተቃራኒው ነው የታየው። መምህርን በማሠልጠንና የትምህርት ፕሮግራሙን በማዳበር ላይ የዋለ ጊዜ ግን ከመሻሻል ጋር ተያይዟል።

ስለዚህ በሳምንት ሦስት ክፍል በቂ ነው። ቀድማችሁ አሳውቁ። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ። መምህሩን ሳይሆን ሦስት ተማሪዎችን ተመልከቱ። ምን እየሠሩ ነው? ስንት ጊዜ ተናገሩ? ሲወጡ የገባቸው ነገር ምንድን ነው? በዚያው ቀን ለመምህሩ አንድ ነገር ብቻ ንገሩት። አሥር ነገር የተነገረው ሰው አንዱንም አይሠራም። ቼክሊስቱን ለኢንስፔክሽን ፋይል ሙሉት፤ ከንግግሩ ጋር ግን አታደባልቁት።

የትምህርት ዓይነቱን ባታውቁትስ? እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ባዮሎጂ ክፍል ስገባ ይዘቱን የሚያየው የትምህርት ክፍል ኃላፊው ነው። እኔ የማየው ልጆቹን ነው።

ደረጃ 6፦ ፈተናውን ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር አስታርቁ

መጀመሪያ፣ የአንድ ክፍል ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ማጠቃለያ ፈተና ይፈተኑ። መምህራኑ በጋራ ያውጡት። ከጥያቄው በፊት ቢጋር ይሠራ፤ ከየትኛው ምዕራፍ ስንት ጥያቄ፣ ስንቱ ለማስታወስ፣ ስንቱ ለማሰብ የሚል ሠንጠረዥ። ቢጋር የሌለው ፈተና ብዙ ጊዜ መምህሩ የወደደውን ምዕራፍ ነው የሚፈትነው።

ሁለተኛ፣ የተከታታይ ምዘናን ውጤት ከማጠቃለያው ጋር አስተያዩ። አንድ ክፍል በተከታታይ ምዘና በአማካይ ከ40 36 አግኝቶ፣ በጋራ ማጠቃለያ ከ60 19 ካመጣ፣ ከሁለቱ አንዱ እየዋሸ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዋሸው 36ቱ ነው። በግሩፕ ሥራና በደብተር ማርክ የተሞላ ነው። ወላጅ ካርዱን አይቶ ደስ ይለዋል፣ ልጁም ይዘናጋል።

ሦስተኛ፣ ፈተናው ታርሞ ሲያልቅ ማርክ ሊስት ሞልቶ መገላገል አይበቃም። ከየክፍሉ አሥር አሥር የመልስ ወረቀት ውሰዱ። ብዙ ተማሪ የሳታቸውን አምስት ጥያቄዎች በእጅ ቁጠሩ። ኮምፒውተር አያስፈልግም። አንድ ጥያቄ በአንድ ክፍል ብቻ ከተሳተ፣ የማስተማሩን መንገድ እዩ። በሁሉም ክፍል ከተሳተ፣ ወይ ጥያቄው ተበላሽቷል ወይ ርዕሱ አልተያዘም። በእነዚያ አምስት ርዕሶች ላይ መምህራኑ በሙያ ማሻሻያ ሰዓታቸው ይነጋገሩ። እናንተም አብራችሁ ተቀመጡ። ያ 0.84 የሚባለው ነገር እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።

ደረጃ 7፦ መጽሐፍ

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ መጽሐፍ ለሁሉም እንዳልደረሰ የምታውቁት ነው። ፒዲኤፉ በቴሌግራም ይዞራል። ነገር ግን ስልክ ያለው ሁሉም ልጅ አይደለም። ያሉትን መጻሕፍት ቆጥራችሁ በዴስክ አንድ እንዲደርስ አከፋፍሉ። የመልመጃ ገጾችን ብቻ ከስኩል ግራንቱ (ለትምህርት ቤቱ ከሚመደበው የድጎማ ገንዘብ) አባዙ። ስቶር ውስጥ የተቆለፈ መጽሐፍ ካለ ዛሬውኑ አውጡት። አለ፤ ፈልጉ።

ደረጃ 8፦ ቱቶሪያል ለማን?

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ይምጣ ማለት ማንም አይምጣ ማለት ነው። የሚመጡት ጎበዞቹ ናቸው። ከደረጃ 6 ባገኛችሁት ዝርዝር ጥሩ፤ «እነዚህ 25 ልጆች፣ ለአራት ሳምንት፣ ክፍልፋይና እኩልነት» ብላችሁ። ሲያልቅ አጭር ፈተና ስጡ፣ ያለፈውን ልቀቁ። የሚያስተምረውን መምህር ሰዓት አስቡለት። ከሰዓት በኋላ የግል ትምህርት ቤት የሚሮጥ መምህር ብዙ ነው፤ ደመወዙን የሚያውቅ አይፈርድበትም። ከፕሮግራሙ ሁለት ክፍለ ጊዜ ማቅለል ከምስጋና ደብዳቤ ይሻላል።

ወላጆችን በተመለከተ አጭር ነው የምለው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ እናት ሐሙስ 4 ሰዓት ስብሰባ አትመጣም። እሑድ ጥሯት። ስትመጣ ካርድ ሳይሆን ደብተር አሳይዋት። ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ባዶ ገጽና የተሞላ ገጽ ትለያለች።

ደረጃ 9፦ ሰኔ ላይ ርክክብ

አንድ ዓመት ሠርታችሁ ውጤት ይተኮሳል ብላችሁ አትጠብቁ። 9ኛ ላይ የጀመራችሁት 12ኛ ላይ የሚታይ ነው። እስከዚያ እናንተም ልትዛወሩ ትችላላችሁ። ዳይሬክተር በተቀየረ ቁጥር ሁሉ ነገር ከዜሮ የሚጀመረው፣ የነበረው ነገር በዳይሬክተሩ ጭንቅላት ውስጥ ስለሆነ ነው።

ሰኔ ላይ ካርድ ሳይሰጥ በፊት እያንዳንዱ መምህር አንድ ገጽ ይጻፍ። ይህ ክፍል የት ቆመ? ያልተነካው የትኛው ርዕስ ነው? ብዙዎቹ የሚሳሳቱት ምን ላይ ነው? መስከረም ላይ ያ ገጽ ልጆቹን ለሚቀበለው መምህር ይሰጥ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ክፍለ ጊዜዎች ከአዲሱ መጽሐፍ በፊት ለእነዚያ ርዕሶች ይዋሉ። በደረጃ 1 ስትቆጥሩ ያን ጊዜ አስቀድማችሁ ቀንሱት።

እኔ ከዚያ ትምህርት ቤት ስዛወር ለተተካኝ ሰው ያስረከብኩት ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሁለቱ ደብተሮች ፎቶ ኮፒ ተለጥፏል፤ የ«ሀ» እና የ«መ»። ከሥሩ ፊርማዬ ያረፈበት የዚያ ሳምንት ዕቅድ አለ።